ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ፦ በአሮጌው የባቡር መንገድ ላይ በብስክሌት

ከባድ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይችልም። ስለዚህ ሐዲድ የሚዘረጉ መሐንዲሶች ተራራውን ወይ ይዞሩታል፣ ወይ ይበሱታል። ሸለቆውን ደግሞ በድልድይ ያልፉታል። ዘመን አልፎ ባቡሩ ሲቀርና ሐዲዱ ሲነሳ የሚተርፈው መንገድ ለብስክሌት የተሠራ ነው የሚመስለው።

እኛ በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች እንዲህ ያለ መንገድ ቅርባችን አለ። ስሙ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ነው፤ ባጭሩ ጋፕ ይሉታል። ከፒትስበርግ ተነስቶ ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ ከተማ ድረስ 150 ማይል ይሄዳል፤ ወደ 240 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አብዛኛው ክፍል ባቡር መሮጥ ያቆመው በፈረንጆቹ 1975 ነው። የመጀመሪያዋ ቁራጭ በ1986 ኦሃዮፓይል በምትባል ትንሽ ከተማ ለብስክሌት ተከፈተች። ከዚያ ቁራጭ በቁራጭ እየተቀጠለ ፒትስበርግ መሐል የደረሰው በ2013 ነው። ክፍያ የለም፣ ፈቃድ የለም፣ መኪና የለም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሜዳ ከሆነማ ምን ችግር አለው» ይላል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስወጣ እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። በሁለተኛው ቀን እግሬ ደህና ነበር። መቀመጫዬና መዳፌ ግን እምቢ አሉ። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። ተራ መንገድ ላይ ዳገት ስንወጣ ከኮርቻው እንነሳለን፤ ቁልቁለት ስንወርድ እግራችን ያርፋል። የባቡር መንገድ ላይ ግን ሁለቱም የሉም። ሰዓታት ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ያለማቋረጥ ፔዳል መምታት ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ስትዘጋጁ ስለ ጉልበት ብዙ አትጨነቁ። የምትጨነቁት ስለ መቀመጫ፣ ስለ ጎማና ስለ እረፍት ይሁን።

1. አቅጣጫና ወቅት

ከፒትስበርግ ተነሱ። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ማየርስዴል ከምትባለው ከተማ አለፍ ብሎ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 729 ሜትር ይሆናል። ከፒትስበርግ ስትመጡ ወደዚያ ከፍታ የምትወጡት በ126 ማይል ውስጥ ነው። መውጣታችሁ አይታወቃችሁም። ከዚያ በኋላ ያለው 24 ማይል እስከ ከምበርላንድ ድረስ ቁልቁለት ነው። ከከምበርላንድ ብትጀምሩ ግን ያንኑ ቁልቁለት በመጀመሪያው ቀን፣ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ፣ ሰውነታችሁ ሳይሟሟቅ ትወጡታላችሁ። አይገድልም፤ ዳገቱ ቢበዛ 2 በመቶ አይሞላም። ግን ለምን?

ወቅቱን በተመለከተ ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር ድረስ ይሆናል። እኔ የምመርጠው ሴፕቴምበርን ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ትንኙ ይቀንሳል፣ ቅጠሉ መቅላት ይጀምራል። በበረዶው ወራት ቢግ ሳቬጅ የሚባለው ትልቁ ዋሻ በሩ ስለሚዘጋ ሙሉውን ጉዞ አታስቡት።

2. ብስክሌቱ

አዲስ ብስክሌት መግዛት ግዴታ አይደለም። ጤነኛ ማውንቴን ባይክ ወይም ሃይብሪድ ካላችሁ ይበቃል። መንገዱ በደቃቁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። እኛ አገር እንደምናውቀው ኮረኮንች አይደለም፤ የተደለደለና የጠበቀ ነው። ቢሆንም ቀጭን የውድድር ጎማ እየሰመጠ ያደክማችኋል። ስፋቱ ከ35 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ ከተቻለ 40 የሆነ ጎማ አስገቡ። ነፋሱንም ድንጋይ እስኪሆን አትሙሉት። ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ እንደ ክብደታችሁ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (ፖምፓው ላይ የሚነበበው የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል። ትንሽ ለስለስ ሲል ንዝረቱን ጎማው ይውጥላችኋል፤ ወደ መዳፋችሁ አይደርስም።

ኮርቻው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ለመኪና ወንበር እንደሚመረጠው በስፋትና በልስላሴ አይመረጥም። በጣም ለስላሳ ኮርቻ ለግማሽ ሰዓት ይመቻል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን ስፖንጁ ተጨፍልቆ ሥጋችሁን ይቆነጥጣል። ጠንከር ያለ፣ የመቀመጫ አጥንታችሁን የሚሸከም ይሻላል። ከፍታውን ለማስተካከል ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ከዚያ በእግር ጣታችሁ ሥር ስትመቱት ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል። ጠፍጣፋው የኮርቻ ጀርባ ከመሬት ጋር እኩል ይሁን። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነታችሁ ወደ ፊት እየተንሸራተተ መዳፋችሁ ጭነቱን ሁሉ ይሸከማል። የኔ መዳፍ የደነዘዘው በዚህ ምክንያት ነበር። ግማሽ ጣት ያህል ቀና ሳደርገው በማግስቱ ለቀቀኝ።

ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ግዙ። ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ከሥሩ ሌላ የውስጥ ልብስ አይለበስም። ይህን ስነግራቸው የሚያፍሩ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የሚልጠው የውስጥ ልብሱ ስፌት ነው። ጠዋት ጠዋት ቫዝሊን ቀባ ቀባ አድርጉ።

3. ልምምድ

ከመሄዳችሁ በፊት ስድስት ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። ሸርሊንግተን ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ ደብሊው ኤንድ ኦዲ ትሬይል ደጃችሁ ነው። እሱም የድሮ ባቡር መንገድ ነው፤ እስከ ፐርስልቪል 45 ማይል ይሄዳል። አስፋልት ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነው። ከዚያ ወደ ጠጠር እለፉ። ከጆርጅታውን በሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር እስከ ግሬት ፎልስ 14 ማይል ነው፤ ደርሶ መልሱ 28 ይሆናል። ያንን ሳትቸገሩ ስትጨርሱ፣ በአንድ ቅዳሜ 40 ማይል ሄዳችሁ እሑድ ደግሞ 25 ድገሙ። ዋናው ፈተና ሁለተኛው ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ኮርቻው ላይ ስትቀመጡ የሚነግራችሁን ስሙት። የሚስተካከል ነገር ካለ አሁን ነው የሚስተካከለው።

የመጨረሻውን ልምምድ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ አድርጉት። የተጫነ ብስክሌት መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ዘግይቶ ይይዛል።

4. ዕቃና ስንቅ

ሆቴልና እንግዳ ማረፊያ ውስጥ የምታድሩ ከሆነ ሁለት የጎን ቦርሳ ይበቃል። ድንኳን የምትይዙ ከሆነ ትንሽ ይጨመራል። ልብስ አታብዙ። የዝናብ ጃኬት፣ አንድ ሙቀት የሚሰጥ ሹራብ፣ ማታ የሚለበስ አንድ ቅያሪ በቃ። ዕቃውን ሁሉ በላስቲክ ጠቅልሉት። ውኃ አያስገባም የተባለ ቦርሳም ያስገባል።

ለጥገና እነዚህን ያዙ፦ ሁለት ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ የእጅ ፖምፓ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ የሰንሰለት ዘይት፣ አንድ ጨርቅ። ጎማ ማውለቅና መመለስ ቤታችሁ ሳሎን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለማመዱ። መንገድ ላይ ጎሚስታ የለም።

ስንቅ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። የመንገደኛ ምግብ አያቶቻችን ጨርሰውታል። እኔ ከሚሸጡት የስፖርት ምግቦች ሁሉ በሶን እመርጣለሁ። አፉ ሰፊ የሆነ ኮዳ ያዙ፤ አፈ ጠባቡ ላይ በሶ ይጓጉላል። መጀመሪያ ግማሽ ውኃ፣ ከዚያ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ክዳኑን አጥብቃችሁ ደህና አድርጋችሁ በጥብጡት፤ ከዚያ ሙሉት። ሳይቆይ ጠጡት፤ ከቆየ ይዘቅጣል፣ በሙቀትም ይኮመጥጣል። ዱቄቱን በየአንድ ኮዳው መጠን በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍላችሁ ያዙ።

ጭኮ ጥሩ ጉልበት ይሰጣል፤ ሙቀት ላይ ግን ቅቤው ይቀልጣል። እንደ እንቁላል እያከላችሁ ለየብቻ ጠቅልሉት። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በመሪው ላይ ባለች ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ በየሩብ ሰዓቱ ቆንጠር እያደረጋችሁ ብሉ። እርቦን ከበላን ዘግይተናል ማለት ነው።

ጿሚ ከሆናችሁ፣ በተለይ በፍልሰታ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ፣ በትንንሾቹ ከተሞች የሚገኘው ምግብ ባመዛኙ ሥጋና አይብ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና የኦቾሎኒ ቅቤ ይዛችሁ ሂዱ።

5. ወደ መነሻው መድረስ

ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ወደ ፒትስበርግ የሚሄድ የአምትራክ ባቡር አለ። ድሮ ካፒቶል ሊሚትድ ይባል ነበር፤ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ፍሎሪዲያን ሆኗል። ብስክሌት ሳይፈታ ይጭናል፤ ቦታው ግን ጥቂት ነው። ለራሳችሁ ትኬት ስትቆርጡ የብስክሌቱንም በዚያው ቁረጡ። ቀድማችሁ፣ ቢቻል ከሁለት ወር በፊት። ባቡሩ ፒትስበርግ የሚደርሰው ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ መዘግየትም አለ። ስለዚህ ለዚያች ሌሊት ጣቢያው አጠገብ ማደሪያ ያዙ። የያዛችሁትንም በስልክ ደውላችሁ «በሌሊት ነው የምንደርሰው፤ ብስክሌትም አለን» በሉ። እኛ ሳንደውል ሄደን ክፍላችን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሌሊቱን ወንበር ላይ አሳለፍነው። እንቅልፍ አጥቶ 36 ማይል መንዳት ከባድ ነው።

6. ቀን በቀን

የመንገዱ የማይል ምልክት ከከምበርላንድ ዜሮ ብሎ ይነሳና ፒትስበርግ ላይ 150 ይደርሳል። ስለዚህ እየሄዳችሁ ቁጥሩ ይቀንሳል። በጠጠር ላይ ጭነት ይዞ በሰዓት 10 ማይል ጥሩ ፍጥነት ነው። እኔ የምመክረው አራት ቀን ነው።

*የመጀመሪያው ቀን፣ እስከ ዌስት ኒውተን፣ 36 ማይል።* ወንዞቹ ከሚገናኙበት ፖይንት ፓርክ ተነሱ። እስከ መኪስፖርት ድረስ በብዛት አስፋልት ነው። ሆምስቴድ ላይ የድሮው ብረት ፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች በመስመር ቆመዋል። በ1892 የብረት ሠራተኞቹና የባለቤቶቹ ቅጥር ዘበኞች የተታኮሱት እዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ቆም ብላችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ ያኮጌኒ የሚባለው ወንዝ ከጎናችሁ ይሆናል፤ የአገሩ ሰው ባጭሩ «ያክ» ይለዋል። ወደ ዌስት ኒውተን ስትቃረቡ ከዳገቱ እንደ ዝገት የቀላ ውኃ ሲወርድ ታያላችሁ። ከድሮ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሚወጣ ነው። በዚህ አካባቢ ከምንጭ ወይም ከጅረት ውኃ አትጠጡ። የካምፕ ማጣሪያ ጀርሙን እንጂ የሟሟውን ብረት አያወጣውም። ኮዳችሁን ከተማ ውስጥ ሙሉ።

*ሁለተኛው ቀን፣ እስከ ኦሃዮፓይል፣ 42 ማይል።* ኮነልስቪል ላይ ምሳ ብሉ፣ ሁለት ኮዳ ውኃ ሙሉ። ከዚያ በኋላ 17 ማይል ሱቅ የለም፤ ስልክም በሸለቆው ውስጥ እየጠፋ ነው የሚሄደው። ካርታውን ቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱት። ድንኳን የያዘ ሰው ኮነልስቪል ላይ መንገዱ ዳር በሦስት ጎን የተከለሉ የእንጨት መጠለያዎች ያገኛል። ኦሃዮፓይል ላይ ያለው የፓርኩ ካምፕ ግን ከመንገዱ በላይ፣ ዳገት ላይ ነው። ከ42 ማይል በኋላ ያንን ዳገት ጭነት ይዞ መግፋት አለበት፤ አስቡበት። ፏፏቴው ከተማው መሐል ነው።

*ሦስተኛው ቀን፣ እስከ ማየርስዴል፣ 40 ማይል።* ከሁሉ ቀን የምወደው ይህንን ነው። ጫካው ጥቅጥቅ ይላል፣ ወንዙ ከታች ይጮኻል፣ ሰው ይሳሳል። ወደ ማየርስዴል ስትቃረቡ ሳልስበሪ ድልድይ ላይ ትወጣላችሁ። ርዝመቱ ወደ 580 ሜትር ነው። ከሥራችሁ እርሻው፣ ወንዙ፣ አውራ ጎዳናው ተዘርግቶ ይታያል። ነፋሱ ከጎን ስለሚመታ መሪውን ያዝ አድርጉ። ፎቶ ስታነሱ ብስክሌቱን ወደ ዳር አስጠጉ።

*አራተኛው ቀን፣ እስከ ከምበርላንድ፣ 32 ማይል።* ከማየርስዴል ስምንት ማይል ያህል ከወጣችሁ በኋላ ትንሽ ዋሻ መሳይ መተላለፊያ ታገኛላችሁ። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ይኸ ነው፤ የመንገዱ ከፍታና ዝቅታም በሥዕል ተሥሎበታል። ከኋላችሁ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ሚሲሲፒ ይሄዳል፤ ከፊታችሁ የሚዘንበው በፖቶማክ በኩል ወደ እኛው ሰፈር ይወርዳል። ጃኬታችሁን እዚህ ልበሱ። ቁልቁለቱ ያበርዳል፤ ትንሽ ቆይቶም ቢግ ሳቬጅ ዋሻ አለ። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ገና አፉ ላይ ስትደርሱ በነሐሴም ቢሆን እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘ አየር ፊታችሁን ይመታል። ውስጡ መብራት አለው፤ ቢሆንም የራሳችሁን የፊትና የኋላ መብራት አብሩ፣ ጥቁር መነጽራችሁን አውልቁ። ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውኃ አንገታችሁ ላይ ሲያርፍ አትደንግጡና መሪውን አትጠምዝዙ። ስትወጡ የሜሪላንድ ተራሮች በአንድ ጊዜ ፊታችሁ ላይ ይዘረጋሉ። እኔና ጓደኛዬ ይህ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጠናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቦርደን ዋሻ መብራት የለውም። ብራሽ የሚባለው ደግሞ ዛሬም የቱሪስት ባቡር የሚያልፍበት ነው። ባቡር ከሰማችሁ ውጭ ቆዩና አሳልፉት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አንቃችሁ አትውረዱ፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉት።

በየቀኑ አንድ ደንብ ጠብቁ። በየሰዓቱ፣ ባይደክማችሁም፣ አምስት ደቂቃ ውረዱ። ከኮርቻው ላይ ሆኖ መቆም እረፍት አይደለም። ተራመዱ፣ መዳፋችሁን አፍታቱ፣ በሶ ጠጡ። እየነዳችሁ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ለጥቂት ምት ከኮርቻው ተነሱ፤ ዳገቱ የሚያደርግላችሁን እናንተው አድርጉት። ሰው ስታልፉ ደወል መትታችሁ «ኦን ዩር ሌፍት» በሉ። ማታ ማታ ከጉልበት በታችና ብብት ሥር መዥገር ፈልጉ። እዚህ ያለው መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያስተላልፋል።

7. ዝናብ ከመጣ

ደቃቁ የኖራ ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ግራጫ ሊጥ ይሆናል። ሰንሰለቱ ላይ ይለጠፍና ሲዞር ቡና በሙቀጫ እንደሚወቀጥ ድምፅ ይሰጣል። ያንን ድምፅ ሰምታችሁ ዝም አትበሉ፤ ብረቱ እየተበላ ነው። ቁሙ። ከኮዳችሁ ውኃ ቀስ አድርጋችሁ ሰንሰለቱ ላይ አፍስሱ። ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ በጨርቅ ጨብጣችሁ ጥረጉት፤ ጨርቁ መጥቆር ሲቀንስ ይበቃል። ከዚያ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ዘይት፤ ጥቂት አዙራችሁ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ። ትርፍ ዘይት አቧራ ይጠራል። የፍሬኑንም ሸራ እዩት፤ ይህ ሊጥ በአንድ ዝናባማ ቀን ብዙ ይበላዋል። ማደሪያችሁ ስትደርሱ ብስክሌቱን በሆቴሉ ፎጣ አትጥረጉ። የውጭ ቧንቧ ጠይቁ፤ በነዚህ ከተሞች የለመዱት ነገር ነው።

8. ከምበርላንድ ስትደርሱ

ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ በዚያው በሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር ቀጥላችሁ ጆርጅታውን ድረስ መንዳት ነው። 184.5 ማይል ነው፤ አራት ወይም አምስት ቀን ይጠይቃል። በየጥቂት ማይሉ ነፃ የድንኳን ቦታ ከነሽንት ቤቱና ከእጅ ፓምፕ ውኃው አለ። ግን ይህኛው የባቡር መንገድ አይደለም፤ በቅሎ ጀልባ እየጎተተ የሚሄድበት የነበረ የካናል ዳር ነው። የዛፍ ሥርና ጭቃ አለው። ሦስት ቀን በተከታታይ ዘንቦ ከሆነ ተዉት፤ ሌላ ጊዜ ትመለሱበታላችሁ።

ሌላው ጠዋት ከከምበርላንድ በባቡር መመለስ ነው። ቦርሳዎቹን ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ከብስክሌቱ ላይ አውርዳችሁ ባንድ ላይ እሰሯቸው፤ ሠራተኞቹ ብስክሌቱን ባዶውን ነው የሚቀበሉት። ባቡሩ ብዙ አይቆምም። አንዳችሁ ብስክሌቶቹን ወደ ዕቃ ፉርጎው ስትወስዱ ሌላው ቦርሳዎቹን ይዞ ይሳፈር።